ተዘጋጂ

ደብሪቱ ቅርጫቷን ዘርግታ ተዋንያኑን አንድ በአንድ ዞረች። ስልክ የሌለው ተዋናይ የለም፤ ስልኩን ወዶ የሚሰጥም የለም። «ሳይለንት አላልኩም፤ አጥፋው ነው ያልኩት» አለችው ባል ሆኖ የሚሠራውን ልጅ፤ እሱም እያጉረመረመ አጠፋና ቅርጫቱ ውስጥ ጨመረው። ቲያትሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ከመጋረጃው ወዲያ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ያኮማተረው ተመልካች ወንበር እየጎተተ ሲቀመጥ ይሰማል። መጋረጃው ራሱ ከግራጫ ብርድ ልብስ የተሰፋ ነው፤ ፋብሪካው እዚሁ ነውና በዚህ ከተማ ብርድ ልብስ አይጠፋም።

አሮጊቷን የምትሠራው ፋሲካ ዘንድ ስትደርስ ቅርጫቱን ወደ ኋላዋ ሸሸገችው። «ያንቺን ኪሴ ውስጥ ነው የማኖረው» አለቻት በሹክሹክታ። «እንደበራ።»

በደብሪቱ ሕግ ይህ ሰማይና ምድር ቢገናኙ የማይደረግ ነገር ነበር። ዛሬ ግን የፋሲካ አባት ጋሽ ምህረቱ ከአንኮበር እየመጡ ነው። ልጃቸው ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ መማር ከጀመረች ወዲህ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በሶውንና ሽሮውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ስንቁን ያስረክቡና የመጡበት መኪና ሳያመልጣቸው ይመለሳሉ። በዕድሜያቸው ቲያትር አይተው አያውቁም። ለዛሬ ግን ቆይተው ሊያዩ ቃል ገብተዋል። መናኸሪያ ሲደርሱ ይደውላሉ፤ ደብሪቱ መጋረጃ ጎታቹን ዮናስን በባጃጅ ትልከዋለች፤ እሱም አምጥቶ ከፊተኛው ረድፍ ሦስተኛው ወንበር ላይ ያስቀምጣቸዋል። ወንበሩ ላይ «የተያዘ፤ የፋሲካ አባት» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ጽሑፉ የደብሪቱ ነው።

ደብሪቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጡላት አያቷ ስለሆኑ የክፍሏ ልጆች «እማማ ደብሪቱ» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ መውጣትም አያምራትም። በትምህርት ቤቱ የቲያትር ክበብ መዝገብ ላይ ከስሟ ጎን «የመድረክ አስተባባሪ» ይላል። ማን በየት በኩል እንደሚገባ፣ መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ፣ በሩ መቼ እንደሚንኳኳ የምታውቀው እሷ ናት። ሁሉንም በስክሪፕቱ ዳር በእርሳስ ትጽፋለች፤ በእስክሪብቶ አትጽፍም፣ ቲያትር ይለወጣልና። የዕቃው ጠረጴዛ ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ በጠመኔ ክብ አስምራለታለች። ምርኩዙ ከቦታው ከጠፋ ክቡ ባዶውን ይታያታል፤ የወሰደውም ሰው ወዮለት።

ከሁሉ የምታጠብቀው ግን አንድ ልማድ አላት። ያስተማሯት የክበቡ ኃላፊ መምህር ዘሥላሴ ናቸው። ማንንም ሳታዘጋጂ ወደ መድረክ አትላኪ ብለዋታል። መጀመሪያ «ተዘጋጂ» ትላለች። «ተዘጋጅቻለሁ» እስኪሏት ትጠብቃለች። ያኔ ነው «ሂጂ» የምትለው። ልጆቹ መጀመሪያ «አቦ አታካብጂ» ይሏት ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቃሉን አክብራ የመለሰችላት ፋሲካ ብቻ ናት።

ለምን እንደሆነ ያወቀችው ዘንድሮ፣ ከልምምድ በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን የተጠቀለለው መጋረጃ ላይ ቁጭ ባሉበት ቀን ነው። ፋሲካ እናቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እነዋሪ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሰንብታ ነበር። እናትሽን ትንሽ አሟታል ብለው መኪና አሳፈሯት። በሳንቲሟ ብርቱካን ገዝታ ይዛላት ነበር።

«ከዳገቱ ላይ ሆኜ ድንኳን አየሁ» አለች ፋሲካ፣ የመጋረጃውን ክር እየመዘዘች። «ሰርግ መስሎኝ ደስ አለኝ። መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ እየዘፈንኩ ነው የገባሁት።» ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ቀልዱ ልትመልሰው ሞከረች። «አንቺ ‹ተዘጋጂ› ስትዪኝ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። በሕይወቴ እንደሱ ያለኝ ሰው የለም።»

ደብሪቱ እጇን ያዘቻት።

ቲያትሩ በስምንት ሰዓት ተጀመረ። ፋሲካ ጆሮዋ የማይሰማ አሮጊት ናት፤ ፀጉሯ በዱቄት ነጥቷል፤ «ዳኛ መጡ» ሲሏት «ዳቦ መጣ» ብላ ትሰማና አገልግል ይዛ ብድግ ትላለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ደብሪቱ ከመጋረጃው ጀርባ በእርሳሷ መስመር እየተከተለች፣ ለበሩ ማንኳኳት ሁለት ገጽ ሲቀራት ኪሷ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ።

«አባዬ» ይላል ስክሪኑ።

ደስ ብሏት ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ሮጠች። ደረሱ እንዴ ጋሽ ምህረቱ፣ አሁኑኑ ልጅ እልክልዎታለሁ አለች። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ የመጣው የማታውቀው ድምፅ ነበር፤ ይህ የፋሲካ ስልክ አይደለም ወይ ሲል ጠየቀ። ነው፣ እሷ መድረክ ላይ ናት፣ እኔ ጓደኛዋ ነኝ አለችው።

ሰውየው የፋሲካ አጎት ጋሽ ደጀኔ ናቸው፤ የጋሽ ምህረቱ ታናሽ ወንድም። የሚናገሩት እያረፉ ነበር። ወንድማቸው ጠዋት ስንቁን ተሸክመው መኪና ሊይዙ ወጡ። ዳገቱ ላይ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሰው ደርሶ ቢያነሳቸው አልተነሡም። ቀብሩ ነገ ነው።

«መኪና ይዤ እየመጣሁ ነው፤ በአሥር ሰዓት በሩ ላይ እደርሳለሁ» አሉ። «ትንሽ አሞታል እንላታለን። ከቤቱ ስትደርስ ታውቀዋለች፤ ሰው አለ፣ ይይዛታል። አንቺ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ። ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ።»

ደብሪቱ እሺ አለች። ሌላ ምን ትላለች። ግድግዳውን ተደገፈች፤ ወረቀቱን የለጠፈችበት ወንበር በዓይኗ መጣባት። ይህን ጊዜ ነው አዳራሹ ጸጥ ማለቱን ያስተዋለችው። በሩ መንኳኳት ነበረበት፤ አልተንኳኳም። መድረኩ ላይ አራት ሰው በሩን እያየ ቆሟል። በሩጫ ደርሳ በቡጢዋ ደበደበችው።

«እኔ ጆሮዬ የማይሰማው እንኳ ከሰማሁ ቆየሁ» አለች አሮጊቷ፣ ወደ ተመልካቹ ዞራ። «እናንተ ምን ነካችሁ?»

ሰው ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ደብሪቱ በስክሪፕቱ ዳር «በሩ ዘገየ፤ ጥፋቱ የእኔ» ብላ ጻፈች። ፊደሉ የሌላ ሰው ይመስላል።

ፋሲካ ከመድረክ ስትወርድ ዓይኗ ይበራ ነበር። «ደብሬ፣ ምን ሆነሽ ነው? በሩን ረሳሽው እኮ» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ክንዷን ያዘቻት። «ደወለ?»

ደብሪቱ የስክሪፕቱን ገጽ ገለጠች።

«ተደውሏል» አለች።

ማን እንደደወለ አልተናገረችም፤ ፋሲካም አልጠየቀችም። ድምፅ እንዳይወጣት አፏን በነጠላዋ ይዛ ባለችበት ዘለለች፤ ከዚያ በመጋረጃው ቀዳዳ ልታይ ሄደች። ደብሪቱ ጎትታ መለሰቻት። ተዋናይ በቀዳዳ አያይም፤ ይህም ሕግ ነው። ያን ሕግ ያን ቀን የወደደችውን ያህል ወዳው አታውቅም፤ ራሷንም ያን ቀን የጠላችውን ያህል ጠልታ አታውቅም።

«ተዘጋጂ» አለቻት።

«ተዘጋጅቻለሁ።»

«ሂጂ።»

በእረፍቱ ሰዓት ዮናስ መጣ። ዮናስ መጋረጃ ጎታችም በር ጠባቂም ነው። ከትምህርት ቢሮ የመጡ እንግዳ ቆመው ስለሚያዩ ሦስተኛው ወንበር ላይ ላስቀምጣቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። አይነካም አለችው። ባዶ ነው እኮ፣ ሰውየው ሲመጡ ይነሣሉ ቢላት «ዮናስ፣ አይነካም» አለች፤ ፊቷን አይቶ ሁለተኛ አልጠየቃትም።

መምህር ዘሥላሴ «በሩ ምን ሆነ?» ሊሉ ነበር የመጡት። ስትነግራቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ጋሽ ምህረቱን ያውቋቸው ነበር፤ በወላጆች ቀን ከሁሉ ቀድመው የሚመጡ፣ የልጃቸውን ውጤት በሁለት እጃቸው የሚቀበሉ ሰው ናቸው። ደብሪቱ የብርቱካኑን ነገር ነገረቻቸው። ዳገቱንም፣ ድንኳኑንም።

«ተዋናይ ከመድረክ ሳይወርድ መርዶ አይነገረውም» አሉ በመጨረሻ። «ይኼንን አንቺም ታውቂያለሽ። ከወረደች በኋላ ያለው ደግሞ የቤተሰቡ ወግ ነው። መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም፣ ደብሪቱ። አንገባበትም።»

የመጀመሪያው ልክ ነው። ቢያማትም ልክ ነው። ሁለተኛውን ግን መቀበል አቃታት።

ሁለተኛው ክፍል አንድም ሳይሳሳት አለፈ። ደብሪቱ መብራቱን በሰዓቱ አስጠፋች፤ ምርኩዙን አቀበለች፤ ባል የሚሆነው ልጅ ቃል ሲጠፋበት ሹክ አለችው። እንባዋ ስክሪፕቱ ላይ ሲንጠባጠብ በእጅጌዋ እየጠረገች መስመሩን ተከተለች። እርሳስ ከእንባ ጋር አይስማማም፤ አንዱ ገጽ ጨርሶ ተበላሸ። ደግነቱ በቃሏ ታውቀዋለች።

በመጨረሻው ተዋንያኑ ተሰልፈው እጅ ነሡ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አሮጊቷ ከሰልፉ ወጥታ ለብቻዋ ወደ ሦስተኛው ወንበር ዝቅ አለች። ቀና ስትል ወንበሩ ባዶ ነበር። ዓይኗ ከኋላ የቆሙትን ሰዎች ፊት እየለቀመ ሄደ፤ መጋረጃው ሲዘጋም ገና እየፈለገች ነበር።

ልጆቹ ስልካቸውን ከቅርጫቱ ተሻምተው እየጮኹ ወጡ። ደብሪቱ ዕቃውን ወደየክቡ መለሰች፤ ሲኒውን፣ አገልግሉን። ምርኩዙ ብቻ ፋሲካ እጅ ላይ ቀረ።

«ስልኬን አምጪ» አለች ፋሲካ። «ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም አይደል? አፍሮ ነው። አውቀዋለሁ፣ ከኋላ ቆሞ ነው ያየኝ። ሳቀ? ዳቦው ላይ ሳቀ?»

ዮናስ ጎንበስ ብሎ ደብሪቱ ጆሮ ላይ አንድ ሰውዬ መኪና ይዘው በር ላይ እንደቆሙ፣ የፋሲካ አጎት ነኝ እንዳሉ ነገራት። ደብሪቱ ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ሆኗል። ከዚህ አንኮበር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ ያን ሁሉ መንገድ ፋሲካ መኪናው ውስጥ ስለ ቲያትሩ ስታወራ፣ ዳቦና ዳኛውን ደግማ ስትሠራላቸው፣ አጎቷም አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሟት ታያት። ከዳገቱ ላይ ድንኳኑ ይታያል። ዘንድሮ ሰርግ እንደማይመስላት ደብሪቱ ታውቃለች።

«ጋሽ ደጀኔን አስገባቸው» አለችው ዮናስን። «ከመጋረጃው ወዲያ ይቁሙ። ስጠራቸው ይመጣሉ። ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡኝ።»

መምህር ዘሥላሴ በጎን በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋታል። ሌላ ሰው እንዳይገባ ወጥተው በሩን ከውጭ ሳብ አደረጉት።

ደብሪቱ አንድ ወንበር ከመድረኩ መሃል አምጥታ ፋሲካን አስቀመጠቻት። ራሷ ፊቷ ተንበረከከች። ምርኩዙን ከእጇ ወስዳ መሬት ላይ አኖረችው፤ ወደ ክቡ ሳትመልሰው ቀረች። ሁለት እጆቿን ያዘቻት። የፋሲካ እጅ ገና ከጭብጨባው ሞቆ ነበር።

«ፋሲካ፣ ተዘጋጂ።»

ፋሲካ ሳቀች። «አለቀ እኮ፣ ደብሬ። የት ልትልኪኝ ነው?»

ደብሪቱ አልሳቀችም። «ተዘጋጂ» አለች ዳግመኛ፤ በትንፋሽ ብቻ።

ከመጋረጃው ወዲያ የሰው እግር መጥቶ ቆመ፤ አንድ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ፋሲካ ወደ መጋረጃው አየች። ከዚያ የደብሪቱን በእንባ የቀላ ዓይን አየች፤ ከደብሪቱ ኪስ ብቅ ያለውን የራሷን ስልክ አየች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። የአሮጊቷን ነጠላ ከራሷ ላይ ገፈፈች፤ ዱቄቱ ትከሻዋ ላይ ተነሰነሰ። ደብሪቱ እንደ ልማዷ ጠበቀቻት።

«ተዘጋጅቻለሁ» አለች ፋሲካ።