የቁጥር አሥራ ዘጠኝ ቀኝ እጅ

ኢየሩስ ወረቀቷን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበቻት። ከሥዕሏ ሥር የተለጠፈች፣ መዳፍ የምታክል ወረቀት ናት። ዳኞቹ በእንግሊዝኛ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «ቁጥር 19። በሙሉ ድምፅ ተመርጧል። በተለይ ቀኝ እጁ። ዘንድሮ ከቀረቡልን ሥራዎች ሁሉ እንዲህ ያለ እጅ አላየንም።»

ሥዕሉ የአባቷ ሁለት እጆች ናቸው። ቀይ መብራት ይዟቸው የመኪና መሪ ላይ ዐርፈዋል። ግራውን የሳለችው ኢየሩስ ናት። መሪውንም፣ የሸሚዙን እጅጌም፣ በመስኮቱ የሚታየውን የኦክላንድ መንገድም የሳለችው እሷው ናት። ቀኙን ግን አልሳለችውም።

«ሳምቡሳው እያለቀ ነው» አላት ናዖድ ከኋላዋ መጥቶ። የአጎቷ ልጅ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለሥነ ጥበብ ያለው ፍቅር ከሳምቡሳው ጋር አብሮ ያልቃል። ወረቀቷን አንብቦ ቀና ሲል ፊቷን አየ። «መረጡሽ እኮ። ምን ሆንሽ?»

«ቀኝ እጁ የእትዬ ወርቂቱ ነው።»

«ሶ?»

«ሶ ማለት ምን ማለት ነው? ደንቡን አላየኸውም? የሌላ ሰው እጅ ያለበት ሥራ ከውድድር ይወጣል።»

«ዝም ካልሽ ማን ያውቃል?»

ባለፈው ዓመት ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ያኔ ዳኞቹ ራሳቸው ውድድሩን የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ማኅበር አባላት ስለነበሩ ማንም አልወደቀም፤ አምስት ሰው አንደኛ ወጣና ሁሉም ተኳርፎ ተለያየ። ዘንድሮ ሊቀ መንበሩ ጋሽ ባዩ ሦስት ዳኞች ከውጭ አስመጡ። ሥራዎቹ የሠዓሊው ስም ተሸፍኖ በቁጥር ብቻ ታዩ። ከስድሳ ሦስቱ ያለፉት ሃያ ሁለት ናቸው።

እውነትም ያለፉት ያለፉ ናቸው። ኤመሪቪል የሰው መኪና ሲያቆም የሚውለው ኢዮሲያስ የበርክሌን ጭጋግ በነጭ ቀለም ብቻ ሥሎት፣ ፊቱ የቆመ ሰው ሁሉ ሳይታወቀው ድምፁን ይቀንሳል። እንዲህ ካለ ሥራ ጋር አንድ ግድግዳ ላይ መሰቀል ኢየሩስ በሕልሟም ያላየችው ነገር ነው። ደግሞ ካለፉት መካከል ታዳጊ እሷ ብቻ ናት። ለታዳጊ የተዘጋጀው ሽልማት በርክሌ የሚሰጥ የሰመር የሥዕል ኮርስ ነው፤ ከዐሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው። የቀረው ጋሽ ባዩ ንግግራቸውን ጨርሰው ስሟን እስኪጠሩ ብቻ ነው። ጋሽ ባዩ ገና መግቢያው ላይ ናቸው።

ማታለል አስባ አልነበረም። በማኅበሩ የቅዳሜ ክፍል እትዬ ወርቂቱ የሚያስተምሩት እንደዚህ ነው፤ ተማሪው ሲጨንቀው «እስቲ ጠጋ በል» ይሉና ቡሩሹን ተቀብለው እዚያው ሸራው ላይ ያሳዩታል። እሳቸውንም መምህራቸው ያስተማሯቸው እንዲሁ ነው። ተማሪዎቹ «የመምህር እጅ» ይሉታል፤ የደረሰው ሳምንቱን ሙሉ ይኮራበታል።

ኢየሩስ ያንን ቀኝ እጅ ሦስት ቅዳሜ ታግላዋለች። ናዖድ «አምስት ሙዝ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ እትዬ ወርቂቱ መጡ። ሳምንቱን ሳንታ ክላራ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የአረጋውያንን ጥፍር ሲቆርጡ፣ እጃቸውን ቅባት ሲያሹ ይሰነብቱና፣ ቅዳሜ በጠዋት ከሳን ሆዜ በባቡር ይመጣሉ። የአባቷን ፎቶ አተኩረው አዩት።

«አባትሽ አውራ ጣቱን ተጎድቶ ያውቃል?»

«የመኪና በር ዘግቶበት ነበር። እንዴት አወቁ?»

«ሌሎቹ ጣቶች ከልለው እየጠበቁት ነዋ።»

ከዚያ ቡሩሹን ተቀብለዋት ሃያ ደቂቃ ሣሉ። ሲነሡ አባቷ ሸራው ላይ ነበር። ፊቱ ሳይኖር፣ በአንድ እጅ ብቻ። ኢየሩስ አፏ ውስጥ ያለውን ማስቲካ ማኘክ ረስታ ነበር።

በኋላ ፎርሙን በስልኳ ስትሞላ «ሥራው ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው» የምትል ሳጥን መጣች። ሰው አዲስ አፕ ሲጭን «እስማማለሁ» የሚለውን እንደሚነካው፣ ነክታ አለፈች።

«መጡ» አለ ናዖድ በሹክሹክታ።

እትዬ ወርቂቱ የሥራ ጫማቸውን እንዳደረጉ በሩ ላይ ቆመው በዓይናቸው ይፈልጓታል። አይተዋት ቀጥ ብለው መጡና ሁለት ጉንጯን ሳሟት።

«ይኸውና የኔ ተማሪ። ምን ብለው ጻፉልሽ? መነጽሬን ባቡር ላይ ጥዬው ወረድኩ መሰለኝ፤ እስቲ አንብቢልኝ።»

ኢየሩስ ወደ ወረቀቷ ዞረች። «በሙሉ ድምፅ ተመርጧል ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ... ያው ነው። ጥሩ ነው ብለዋል።»

ናዖድ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«ተመስገን» አሉ እትዬ ወርቂቱ። ሥዕሉን ብዙ አዩት። «ግራው ጎበዝ ነው። ሲያዩት ፍርሃት የለበትም።» ስለ ቀኙ ምንም አላሉም። «የኔን እንኳ ሪጀክት አድርገውታል። ኢሜይሉ ሐሙስ ነው የመጣልኝ።»

ኢየሩስ ያንን ሥዕል ታውቀዋለች። ሦስት አሮጊቶች መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ የማይመጣ ሰው ሲጠብቁ። እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ናቸው።

«ተሳስተው ነው» አለች።

«አይ፣ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ እጄ ደክሟል። ስድሳ አራት ዓመት ቀላል አይደለም።» ሣቅ አሉ። «ለከርሞ አላስገባም። ቀለሞቹን ቅዳሜ አመጣልሻለሁ፤ አንቺ ትጠቀሚባቸዋለሽ።» ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት፣ «የኔ ተማሪ ናት» እያሉ ለሰው ሊያወሩ ሄዱ።

ኢየሩስ ባለችበት ቀረች። ከመድረኩ የጋሽ ባዩ ድምፅ «እንግዲህ ወደ ታዳጊዎቻችን ስንመጣ...» ይላል።

«እስክሪብቶ አለህ?» አለችው ናዖድን።

«ኢየሩስ፣ ኮርሱ እኮ ነው። አስቢበት።»

«እስክሪብቶ አለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈውን፣ ስሟ ያለበትን ካርድ ከግድግዳው ላይ አነሣች። ከስሟ ሥር መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ «ቀኝ እጅ፦ ወርቂቱ» ብላ ጻፈችና መልሳ ለጠፈችው። አማርኛው ትንሽ ተንጋደደ። ከዚያ እትዬ ወርቂቱ ከኢዮሲያስ ጋር ወደቆሙበት ሄዳ እጅጌያቸውን ሳብ አደረገች።

«እትዬ፣ ቅድም አንድ መስመር ዘልዬብዎት ነበር» አለች። «ይምጡ፣ ከመጀመሪያው ላንብብልዎት።»