የድንጋዩ ጀርባ

ሲሀም ትንፋሿ እስኪመለስ ቆም አለችና ወደ መጣችበት ዞረች። ስትወጣ በየድንጋዩ ላይ ያየችው ቢጫ ምልክት አሁን አንዱም የለም። ቁልቁለቱ ላይ የተበተነው ጥቁር ድንጋይ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቅርቧ ወዳለው ወርዳ ጀርባውን በእጇ ዳሰሰችው። ነጣ ያለ የድንጋይ ሽበት እንጂ ቀለም አልነካውም። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው ነው። ሦስተኛውንም አየችው።

አዜብ ከላይ አንድ ረጅም የጅብራ ተክል ሥር ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች።

ሁለቱም ንፋስ መውጫ ዘጠነኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። ሲሀም የከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ ሷሊህ ቀለምና ምስማር ይሸጣሉ። አዜብ ደግሞ ከጉና ተራራ ግርጌ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ናት፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ልታመጣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከአስፋልቱ ተነስቶ የጉና ትከሻ ላይ የሚደርስ የእግረኛ መንገድ ሲያወጣ፣ የክበቡ ኃላፊ መምህር ሥዩም ታችኛውን ክፍል ለሲሀም፣ ላይኛውን ለአዜብ ሰጡ። የሲሀም አባት ለእያንዳንዳቸው አንድ ጋሎን ቢጫ ቀለም ለገሱ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ፊቱ ለሚወጣ፣ ጀርባው ለሚወርድ ይቀባ።

ቅዳሜ የሰባተኛ ክፍል ልጆች በቡድን በቡድን ሆነው፣ ምልክቱን ብቻ እየተከተሉ ይወጣሉ። ዛሬ መምህራን ስብሰባ ስላለባቸው ትምህርት የለም። ሲሀም መንገዱን እስከ መጨረሻው አይታ፣ ኔትወርክ ያለበት አስፋልት ጋ ስትመለስ ለመምህር ሥዩም ልትናገር ተልካለች።

«አዜብ፣ ጀርባቸው አልተቀባም» አለቻት።

«የምኑ?»

«የድንጋዮቹ። በሁለቱም በኩል ቀባሁ ብለሽኝ ነበር።»

አዜብ የቆሎውን ገለባ ከከንፈሯ አራገፈች። «አንቺ ደግሞ። ሽቅብ እንጂ ቁልቁል መንገድ ይጠፋል እንዴ? እግርሽን ለቀቅ ነው፣ በቃ።»

አዜብ ምሳ መብላቷን እንኳ «ማርያምን» ሳትል አታወራም። ሥራዋን የጨረሰች ቀን ግን፣ በሁለቱም በኩል ቀባሽ ወይ ስትባል፣ «አዎ» ብላ ብቻ ነበር ያለፈችው። ሲሀም ያኔ ልብ ብላው ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም።

«እሺ፣ ስንወርድ እኔ ከፊት ልሁን» አለች። «አንቺ ከኋላ ተከተይኝ። ምንም እንዳትናገሪ።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«አይደለም። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት ብለሽ አስቢኝ።»

«ለሰባተኛ ክፍል ረዘምሽ» አለችና አዜብ ስቃ ተነሳች።

መውረድ ሲጀምሩ ጉሙ ከእስቴ በኩል ሸንተረሩን ተሻግሮ መጣ። ሲሀም አልተቻኮለችም። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ቆም ብላ መሬቱን አየች። አንደኛው ቀጭን ነው፤ የጓሳው ሣር በላዩ ተኝቶበታል። ሌላኛው ሰፊ ነው፤ ሣሩ ተረግጦ አፈሩ ወጥቷል። ሰው የሚበዛበት የተረገጠው መሆን አለበት ብላ ሰፊውን ያዘች። መንገዱ ለእግር ይመቻል፤ ግራና ቀኙ የአስታ ቁጥቋጦ ነው። ከኋላዋ አዜብ የሚስቅ ሰው ትንፋሽ ሲወጣት ይሰማታል። ትንሽ እንደሄዱ ሳቁ ቀረ። ቀጥሎ የእግሯም ድምፅ ራቀ።

«ቁሚ» አለች አዜብ።

ሲሀም ቆመች።

«ይሄ የከብት መንገድ ነው። ወደ እስቴ ነው የሚያወርድሽ። ዝቅ ሲል ገደል አለ፤ ከብቱ አውቆ በጎን ይዞራል።»

«እኔ አላወቅሁም።»

«አላወቅሽም» አለች አዜብ፣ ቀስ ብላ። ጉሙን አየች፣ ሲሀምን አየች። «አሁን የወጣሽበትን መንገድ እኮ ነው የሳትሽው።»

ከዚያ አዜብ ከፊት ሆነች። ተመልሰው ቀጭኑን መንገድ ይዘው ሲወርዱ ያለማቋረጥ ታወራ ጀመር። ቅዳሜ ልጆቹ ሳይመጡ በጠዋት ወጥታ ሁሉንም ጀርባ ራሷ ትቀባለች፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። መምህር ሥዩም ከሰሙ ግን የባሕር ዳሩን ሥልጠና ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ክበቡን ወክላ ክረምት ላይ ለወጣት አስጎብኚዎች ሥልጠና የተመረጠችው፣ ሥራዋን ከሁሉም ቀድማ ስለጨረሰች ነበር። አዜብ በሕይወቷ ሐይቅ አይታ አታውቅም። ጣናን በስልክ ፎቶ ብቻ ነው የምታውቀው።

ሲሀም በምን ቀለም እንደምትቀባ ጠየቀቻት። አዜብ እርምጃዋን አፋጠነች።

በገብሱ ማሳ ዳር የአዜብ ቤት ብቅ አለ። በሩ ቢጫ ነው፤ መስኮቱም። ጠዋት ሲያልፉ ሲሀም «ያምራል» ብላ ነበር፤ አዜብም እጇን ይዛ እያጣደፈች አሳለፈቻት። አሁን የአዜብ እናት እትዬ ውብነሽ ደጅ ቆመዋል። ሲሀምን ጉንጯን ስመው የማን ልጅ እንደሆነች ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«ቀለሙን የሰጡን እኮ አባትሽ ናቸው። ተረፈ ብላ አመጣችልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በይልኝ። ቤታችን ሰው መሰለ።»

ሲሀም እንደምትነግራቸው ቃል ገባች። አዜብ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ወደ አስፋልቱ መውረዱን ቀጠሉ። ሲሀም በልቧ ነገሩን ከዚህም ከዚያም አየችው። እሷ ራሷ ጋ ከታችኛው ክፍል የተረፈ ቀለም አለ፤ ለጀርባው ሳይበቃ አይቀርም። ዝም ብትል፣ ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ካልቀደመ፣ አዜብ ከደረሰች፣ ነገሩ ሁሉ ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ሰፊውና የተረገጠው መንገድ ትዝ አላት። አረማመዷም ትዝ አላት፤ ትንሽ እንኳ አልተጠራጠረችም ነበር።

አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ስልኳ ጠራ። መምህር ሥዩም ናቸው። ምልክቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቋት።

«ለሚወጣ ሰው ጥሩ ነው፣ ቲቸር» አለች። «ለሚወርድ ግን የለም። እስኪቀባ ድረስ ልጆቹ መውጣት የለባቸውም። እኔ ራሴ ስወርድ ተሳስቻለሁ።»

 ምን ሆኖ ነው፣ ቀለሙ አንሶ ነው ወይ ብለው መምህር ሥዩም ጠየቁ።

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ሲሀም አዜብን አየቻት። አዜብም ጥያቄው ተሰምቷታል።

«አዜብ አብራኝ አለች፣ ቲቸር» አለችና ስልኩን ዘረጋችላት።

አዜብ ወዲያው አልተቀበለችም። ከደብረ ታቦር በኩል የመጣ ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ አለፋቸው፤ ሁለቱም እጃቸውን አላነሱም። ድምፁ ሲርቅ አዜብ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ስልኩን ወሰደች።

«ቲቸር» አለች። «ማርያምን፣ ቀለሙ በቂ ነበር።»