ከምግብ በኋላ የታዘዘ ጠቅታ

ልጅቷ ሥራዋን ለቅቃ ድረ ገጽ ስትከፍት አባቷ አልተቆጡም። አለመቆጣታቸው ነበር የሚያስፈራው። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከማስታወቂያ የሚረባ ገቢ ካላገኘሽ፣ እኔ ቢሮ ትገቢያለሽ» አሏት። የእሳቸው ቢሮ የሒሳብ ቢሮ ነው፤ ኤሌክትሪክ የተማረችው ልጃቸው ደግሞ ከሒሳብ ጋር ዓይንና ናጫ ናት።

በድረ ገጿ የተበላሸ የቤት ዕቃ እንዴት እንደሚጠገን ታስተምራለች፤ ካውያ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ። አንባቢው ከጽሑፉ ጎን ያለውን ማስታወቂያ ጠቅ ሲያደርግ የማስታወቂያው ድርጅት ለእሷ ይከፍላል። ነገሩ ይኸው ነው።

የተከራየቻት ክፍል ከፋርማሲ በላይ ናት። አንድ ቀን የፋርማሲው ማቀዝቀዣ ቀጥ አለና ፋርማሲስቱ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ በሯን አንኳኳ። ጠገነችለት። ከዚያ ወዲህ ሰበብ አጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ ፊውዝ፣ ነገ አምፖል። አምፖል መቀየር የሚያቅተው ፋርማሲስት አለ ብላ ባታምንም አንድም ቀን አልመለሰችውም። ሲመጣ ደስ ይላታል፤ የአባቷንም ማስጠንቀቂያ አጫውታዋለች።

«ዛሬስ ስንት ሰው ጠቅ አደረገልሽ?» ይላታል።

«ኧረ እየጨመረ ነው!»

እሱ ጫማውን ያያል።

ገቢው እውነትም ሽቅብ ይወጣ ነበር። አባቷ ዘንድ ደውላ ጉራዋን ነዛችባቸው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ግን ከድርጅቱ መልእክት መጣ። ማስታወቂያዎቹን ነጋ ጠባ ጠቅ የሚያደርጉት እነዚያው ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ ውሉ ተቋርጧል፤ የተጠራቀመውም አይከፈልም።

ስልኳን ይዛ ወደ ፋርማሲው ወረደች።

«ተንኮል የሚሠራብኝ ሰው አለ» አለችው።

አነበበው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ተንኮል ግን አይደለም። እናቴ ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ፣ አክስቴ ከመኝታ በፊት፣ የፋርማሲው ገንዘብ ተቀባይ በየስድስት ሰዓቱ። ያዘዝኩላቸው እኔ ነኝ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል እንባዋ ቀደመው። «እኔ ደግሞ ሰው አነበበኝ ብዬ!» አለችና ወጣች። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ ቢያንኳኳም አልከፈተችለትም።

ዓመቱ አለቀ። ቢሮ ለመግባት መስማማቷን ልትነግራቸው አባቷ ቤት ስትደርስ ከሳሎኑ የምታውቀውን ድምፅ ሰማች፤ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ፋርማሲስቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ልጅዎ አልሰነፈችም፣ ጋሼ። ያበላሸሁባት እኔ ነኝ። ቢሮ እንዳያስገቧት ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

«ቆይ፣ አንተን ምን አገባህና ነው?»

«እወዳታለሁ» አለ።

«ለእሷ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ ለእኔ ምን አስቸኮለህ?» አሉና ቀና ሲሉ በሩ ላይ አዩዋት። «ይችውልህ፤ ለራሷ ንገራት።»

ሊወጡ ሲሉ አጠገቧ ቆም አሉ። «ቢሮው የትም አይሄድም፤ አንድ ዓመት ጨምሬልሻለሁ። ይህን ሰው ግን ከኮምፒውተር አርቂልኝ።»

ሁለቱ ቀሩ። እሱ መሬት መሬት ያያል። እሷ ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው ግን ከየት ይምጣ? ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ነገ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቆችን በየበራቸው እየሄድኩ አነጋግራለሁ። ማስታወቂያቸውን በቀጥታ ለእኔ ይስጡኝ።»

«አብሬሽ ልምጣ?»

«ሳታነብ እኮ ነው ጠቅ ስታደርግ የከረምከው።»

«እኔስ አንብቤአለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁሉንም። ካውያም የለኝ።»

ይኼኔ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ስቃ ስታበቃ ወደ እሱ ዞረች።

«ያን ሁሉ ማስታወቂያ ጠቅ ከምታደርግ፣ አንዴ እጄን ብትይዝ ምን ነበረበት?»

ያዘ። መዳፉ በላብ ርሷል፤ እሷም አልለቀቀችውም።