ከወንበሩ ያልተነሳችው ታካሚ

ሟቿ አሁንም በጥርስ ማከሚያው ወንበር ላይ ናት። አንገቷ ሥር የታሰረላት የወረቀት መሐረብ አልተፈታም። ነጭ አንሶላ አልብሰዋታል፤ ቀኝ እጇ ግን ከአንሶላው ወጥቶ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ተዘርግቷል። አመልካች ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያው እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነክሶ ቀርቷል። መርማሪዋ በጓንት አላቀቀችው፤ ሽቦው የተያያዘበት ማሽን ድምፁ ተዘግቷል። ከሥሩ ያለው ጥፍርም እንደ ሌሎቹ ጥቁር ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ አንድም ቦታ አልተነካም።

ስልኳ ጮኸ። የመርማሪዋ አለቃ፣ የጤና ቁጥጥር ቢሮው ኃላፊ ነበር።

«ደረስሽ?»

«አሁን መግባቴ ነው።»

«ነርሷ ናት አሉ። የሚያስተኛውን መድኃኒት እጥፍ አድርጋ ቀድታ ነው። ፈርመሽ ለፖሊስ አስረክቢና ነይ። ፈቃዳቸው እንደሆነ የታደሰ ነው።»

«የማን ፈቃድ?»

«የክሊኒኩ ነዋ።»

የክሊኒክ የሚባል የማስተኛ ፈቃድ የለም። ታካሚን በመድኃኒት አስተኝቶ ጥርስ ለመንቀል የሚሰጠው ፈቃድ ለሰው ነው፤ ሠልጥኖ ለተፈተነ ለአንድ ሐኪም። ያ ሐኪም መድኃኒቱ ከገባ ጀምሮ ታካሚው እስኪነቃ ከክፍሉ ንቅንቅ ማለት አይችልም። ይህን በየስብሰባው ስትለፈልፍ ኖራለች። ባልደረቦቿም «መርፌ» የሚል ስም ያወጡላት ለዚሁ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ትወጋለች፣ ማንም አይወዳትም።

ኮሪደሩ ላይ የሟች ባል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከፊቱ ነርሷ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ፖሊሱ ከራስጌዋ አልተለየም።

«መኪና እየጠበቅን ነው» አለ ፖሊሱ። «ሲመጣ እወስዳታለሁ።»

«እስካሁንስ ምን አስቀመጣት?» አለ ባልየው። «ሚስቴን ገድላ እዚህ ፊቴ ተጎልታ…»

ነርሷ ቀና አላለችም። መርማሪዋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«የማሽኑን ድምፅ የዘጋው ማነው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ይጮህ ነበር።»

«ዝጊው ያለሽ ሰው አለ?»

ነርሷ የጋዋኗን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው የምጠይቅሽ።»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለች ነርሷ ደግማ። «ሌላ የማውቀው የለም።»

ዋናው ሐኪም ቢሮው ውስጥ ነበር፤ ሽበታም፣ ጋዋኑ በደንብ የተተኮሰ፣ መነጽሩ ወፍራም ሽማግሌ። ከጀርባው ፈቃዱ በመስታወት ተከቶ ተሰቅሏል። ገና ሳትቀመጥ ወደዚያ ጠቆማት።

«ይኸው፤ ሕጋዊ ነን ልጄ።»

«አይቻለሁ ዶክተር። መድኃኒቱን ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኛ። ነርሷ የቀዳችልኝን አምኜ ወጋሁ። ጥፋቴ እሱ ነው።»

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ሁልጊዜ የማደርገውን ነው ያደረግሁት» አለ፤ ስለ ሥራው ሲያወራ ድምፁ ጠና አለ። «የጣቷን ጥፍር ቀለም በአሴቶን አስለቅቄ አጸዳሁ። ቀለም ባለው ጥፍር ላይ መለኪያው ይዋሻል፤ ታካሚው ደህና ሆኖ ሳለ ሊጮህ ይችላል። ይህን ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ከዚያ መለኪያውን አስሬ፣ ደም ሥሯን ፈልጌ፣ ቀስ እያልኩ ሰጠኋት። ልጄ ጥርሱን ነቀለ፤ እኔ ከራስጌዋ አልተለየሁም።»

«የሚያስተኛውን የሚሽረው መድኃኒትስ?»

ቀበቶው ላይ የተንጠለጠለውን የመሳቢያ ቁልፍ መታ መታ አደረገው። «ከዚህ ወገብ ወርዶ አያውቅም።»

ልጁ፣ ወጣቱ የጥርስ ሐኪም፣ የመሣሪያ ማምከኛው ክፍል ውስጥ እጁን ሲታጠብ አገኘችው። የታጠበውን መልሶ ያጥባል።

«አባቴ የነገረዎት ነው» አለ ገና ሳትጠይቀው።

«ምን እንደነገረኝ በምን አወቅህ?»

«ያው… እሱ ነው የሰጣት። እኔ ጥርስ ነቃይ ነኝ።»

«ማሽኑስ?»

«እሱማ ብልሽት ነው። ዝም ብሎ ይጮኻል። አዲስ ግዛልን ብለን ለፍልፈን ሰልችቶናል።»

«አንተ የማስተኛ ፈቃድ አለህ?»

«ክሊኒኩ አለው» አለ አፉን ሞልቶ። «ግድግዳው ላይ አላዩትም?»

መርማሪዋ ግንባሯን በሩ ላይ ብትደግፍ ወደደች። ተመልሳ ሟቿ ወዳለችበት ክፍል ገባች። ማሽኑን አስነሳችና መለኪያውን የራሷን ጣት አስነከሰችው። ቁጥሩ ወዲያው መጣ፤ ጤነኛ ቁጥር፣ አንዴም ሳይጮህ። ወደ ሌላው እጇ አዛወረችው። ያው ነው።

ከማሽኑ ሥር ያለው የመድኃኒት መሳቢያ በደንብ አልገጠመም። ጎንበስ አለች። የቁልፉ ምላስ እንደተቆለፈ ወጥቷል፤ የመሳቢያው ከንፈር ግን ተጣሟል። ሳህኑ ላይ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ፣ ጥርስ የሚፈነቅሉበት ብረት፣ ጫፉ ታጥፏል፤ የመሳቢያው ነጭ ቀለምም ተላጦ ተጣብቆበታል። የሚያስተኛው መድኃኒት ብልቃጥ እዚያው ሳህኑ ላይ፣ አዲስ ከተነቀለ ክዳኑ ጋር ነበር፤ ወደ ብርሃን አነሳችው። ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው።

ስልኳ እንደገና ጮኸ። አላነሳችውም።

ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ልጁ ከጀርባው ቆመ። ነርሷ በፖሊሱ አጠገብ፣ ባልየው መስኮቱ ጋ።

«መኪናው መጥቷል» አለ ፖሊሱ።

«ይቁም። መጀመሪያ ብልቃጡን እንይ። አዲስ የተከፈተ ነው፤ ግማሹ ለአንድ ሰው የሚበቃ መጠን ነው። ነርሷ እጥፍ ቀድታ ቢሆን ባዶውን ነበር የማገኘው። ከግማሽ በላይ አለው። እሷ የቀዳችው ለሟቿ ልክ የሆነውን ነው።»

«ታዲያ በምን ሞተች?» አለ ባልየው።

«አተነፋፈሷ ሲዳከም የሰማ ስላልነበረ። ማሽኑ ዝም ብሎ ነበር። ነርሷ ድምፁን ዘግታዋለች፤ ይህንን አልካደችም። ግን ለምን ጮኸ? ተበላሽቷል ተባልኩ። በእኔ ጣት ሞከርኩት፤ ይሠራል። በሟቿ ጣት ግን ሲዋሽ ነበር፤ ጥፍሯ ጥቁር ቀይ ቀለም አለውና።»

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ።

«ዶክተር፣ ጥፍሯን በአሴቶን አጽድቻለሁ አሉኝ። የሚዋሹ ሆነው አልታዩኝም፤ እርስዎ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ነበር የሚያወሩልኝ። እውነትም በክፍሉ ቢኖሩ ኖሮ ያጸዱላት ነበር። አልጸዳም። ኋላ ሲመጡም በድንጋጤ ፊቷን እንጂ እጇን አላዩም።»

«ዕድሜ ነው፤ ረስቼው ይሆናል» አለ ሽማግሌው በቀስታ።

«እሺ፣ ይርሱት። መሳቢያውስ? ታካሚዋ ስትደክም የሚሽረው መድኃኒት ተፈለገ። መሳቢያው ተቆልፎ ነበር፤ በጥርስ መፈንቀያ ተሰበረ፤ እስከዚያ ግን ረፍዶ ነበር። ቁልፉ ከእርስዎ ወገብ ወርዶ አያውቅም። ቁልፉ ያለው ሰው ከራስጌዋ ቆሞ ሳለ መሳቢያ የሚሰብር ማነው?»

ልጁ የሶፋውን ጀርባ ጨመደደ።

«የት ነበሩ ዶክተር?»

«ላይ ቤት» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ። «ጋደም ብዬ። ስትጮህ ሰምቼ ነው የወረድኩት፤ ይቺ ልጅ ናት ‹ጋሼ› እያለች የጮኸችው።»

«አባባ፣ በቃ…»

«ተወኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ደም ሥር ማግኘት ካቃተኝ ቆይቷል። ፈቃዱን ማደሱን ግን አልተውኩም። አንድ ቤት ነን፣ አንድ ሥራ ነው ብዬ።»

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ልጁ። «ሰው ሲፈራ ይመጣል፤ አስተኙኝ ይላል። ሲያደርግ እያየሁ ነው ያደግሁት። ፈቃዱ ለቤቱ ነው የመሰለኝ።»

«እሺ፣ መሰለህ እንበል። ማሽኑን ዝጊው ያልካትስ አንተ አይደለህም?»

ነርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«አዎ» አለ።

«እና እጥፍ ቀዳች ብሎ ያስወራውስ አንተ አይደለህም?»

ልጁ አባቱን አየ። ሽማግሌው እጁን ዘረጋ። «እኔን ውሰዱኝ። ፈቃዱ የእኔ ነው።»

«የእርስዎ ጥፋት እርስዎን ይጠብቃል፤ የልጅዎን ግን ተሸክመውለት አይሄዱም» አለች መርማሪዋ። ፖሊሱን በዓይኗ ጠቀሰችው። እሱም ከነርሷ አጠገብ ተነስቶ ወደ ልጁ ሄደ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት ነርሷን። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ በቁጣ ወጣ።

«ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ። ደግሞ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አልዋሸሁም።»

«ሂጂ ቤትሽ። ስጠራሽ ትመጫለሽ።»

ነርሷ ተነሳች፤ የትኛው በር እንደሚያስወጣ የጠፋባት ይመስል ቆመች። ከመስኮቱ ጋ ባልየው ንቅንቅ አለ።

«ሰፈርሽ የት ነው?»

ነገረችው።

«ላድርስሽ። ብቻዬን መንዳት አልችልም።»

አብረው ወጡ። መርማሪዋ በመስኮቱ ስታይ ባልየው የመኪናውን የፊት በር ከፈተላት። ወንበሩ ላይ የሴት ሻርፕ ነበር። ነርሷ አየችው፤ በሩን በቀስታ ዘግታ የኋላውን ከፈተችና ገባች።

ስልኳ ጮኸ። አሁንም ኃላፊው ነው።

«ጉዳዩን ዘጋሽው?»

«አሁን ገና መክፈቴ ነው» አለችው። «እርስዎም ሳይቀሩ ይጠየቃሉ። ፈቃዱን አጣርቶ ያደሰው ማነው?»