የመዳብ ቅጠል ካባ

የልብስ ዲዛይነሯ ሞታ የተገኘችው ከወርክሾፗ ደረጃ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ ነው፤ ያውም የዕድሜዋን ትልቁን ሥራ ለብሳ። ካባው ነጭ ሐር ነው፤ ትንንሽ የመዳብ ቅጠሎች ጥቅጥቅ ብለው ተሰፍተውበታል፤ ሰው ለብሶት ሲንቀሳቀስ ያቃጭላል። ሦስት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። በማግስቱ ኤግዚቢሽን ላይ ሊታይ ነበር፤ ጉድ እኮ ነው!

መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ከሰው ፊት በፊት ስፌቱን ነው የምታየው እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል። አሁንም ዓይኗ የካባው ቀኝ ትከሻ ላይ ቀረ።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«እንደወደቀች አልሞተችም» አለ ፖሊሱ። «አንድ ሰዓት ያህል ነፍሷ አልወጣችም ነበር ብሏል። ሠራተኞቹ ሁሉ ምሳ ወጥተናል ብለዋል። ከላይ ደረጃው ጫፍ መስታወቱ ሥር መቀስ አግኝተናል።»

ወርክሾፑ ውስጥ ከሟቿ ሌላ የሚሠሩት ሦስት ናቸው። መጀመሪያ ቅጠሎቹን የቀጠቀጠው አንጥረኛ ቀረበ።

«ምሳ ለየብቻችን ነው የወጣነው» አለ። «እኔ ምን በወጣኝ እገድላታለሁ? ሥራዬ ነገ ሊታይልኝ ነበር እኮ!»

ቀለም ነካሪው እጁን መደበቂያ አጥቶ ይቁነጠነጣል፤ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው።

«ጠዋት ጮኸችብን። ‹ቀኝ ትከሻው ወርዷል፣ ይኼ ለሰው አይቀርብም፣ ልተርትረው ነው› አለች። እኔ እንደሁ ምንም አልታየኝም። ሲበርድላት ትተወዋለች ብለን ወጣን።»

የመጨረሻዋ የሟቿ ታናሽ እህት ናት። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ የሰፋችው እሷ ናት። መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ያክላል።

«እሷ ናት ያሳደገችኝ» አለች። «ዓይኔ በዚህ ካባ አለቀ፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ መርፌ እንዳትነኪ ብሎኛል። ሌላ የምሠራው የለም። ኢንስፔክተር፣ በእናትዎ፣ ካባውን አያስቀሩብኝ። ነገ ሰው ይየው።»

መርማሪዋን አንጀቷን በላቻት። ቢሆንም ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ካባውንም ከሬሳው ላይ አስወልቃ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይኼ ትከሻ ተቀዶ ነበር» አለች። «ተቀዶም ተሰፍቷል። ሐሩ ላይ ከጭንቅላቷ የፈሰሰ ደም ደርቋል፤ የተሰፋበት ክር ግን ነጭ ነው። ስለዚህ የተሰፋው ከወደቀች፣ ደሙም ከደረቀ በኋላ ነው።»

«ሌባ ገብቶ እንደሆነስ?» አለ አንጥረኛው።

«የቀዳዳውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ቁጭ ብሎ የሚሰፋ ሌባ እስካሁን አልገጠመኝም። የሰፋው ከእናንተ አንዱ ነው። እርስዎ ቢሆኑ በሽቦ ያስሩት ነበር፤ መርፌ የሚይዝ ጣት የለዎትም። ቀለም ነካሪው ነጭ ክር ቢነካ ክሩ ራሱ ያሳብቅበታል።»

የሦስተኛዋን ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ሁለቱ ወንዶች ወደ ታናሿ እህት ዞሩ።

«አልገፋኋትም» አለች። «መስታወቱ ፊት ለብሳው፣ ትከሻውን በመቀስ ልትተረትር ስትል ካባውን ይዤ ጎተትኩ። ስፌቱ ተቀደደና ሚዛኗን ስታ ወደቀች። ሮጬ ወርጄ ጠራኋት፣ አልመለሰችልኝም። አለቀላት አልኩ። ከዚያ ቀዳዳውን አየሁት። እንደዚያ ተቦጭቆ ትቼው መውጣት… አልቻልኩም።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?»

«ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባቱ ብቻ ፍዳዬን አሳየኝ፤ ሲገባልኝ ደሙ ደርቆ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይቀርም።»

መርማሪዋ መጠየቅ አልፈለገችም። ግን ሥራዋ ነው። «ሲሰፉ ምንም አልሰሙም?»

«ቅጠሎቹን ብቻ። ደረቷ ላይ ያሉት ቀስ እያሉ ያቃጭሉ ነበር። እጄ እየነካቸው መስሎኝ…»

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። የሰፋችው ትከሻውን እንጂ ደረቱን አልነበረም።

«በሕይወት ነበረች እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

መርማሪዋ መሬት መሬት አየች።

ፖሊሱ ካባውን ለማስረጃ አጣጥፎ ከረጢት ውስጥ መክተት ጀመረ። ቅጠሎቹ አቃጨሉ። ታናሿ እህት ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ያዘች።