አንደኛ ማርሽ ላይ የቆመው ላንድሮቨር

ሃምሳ አለቃ ይርሳው ሲደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። የዘር ማባዣ ጣቢያው ኃላፊ መንበሩ፣ የጎማ ማገጃውን ድንጋይ በሁለት እጁ እንዳቀፈ፣ ሣሩ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ቀርቷል። የጣቢያው ላንድሮቨር በላዩ አልፎ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ተላትሞ ቆሟል።

ይርሳው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በእህል ጫኝ መኪና፣ ከቡሬ ወዲህ ደግሞ በእግሩ ነበር የመጣው። ብዙ ዓመት ሬሳ ሲመረምር ኖሯል። አሁን፣ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግን፣ ሬሳ ማየቱ ብቻ ሳይሆን ማን ገደለው ብሎ መጠየቁም ሰልችቶታል። ምን ያድርግ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ እሱ ሳይደርስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ዛሬም ጠበቀው። የአውራጃው ካድሬ ክንፈሚካኤል ቀድሞት ደርሶ፣ ሾፌሩን ተስፋውን የፊጥኝ አስሮ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አስቀምጦታል።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ባትደክም ይሻልህ ነበር» አለ ክንፈሚካኤል። «ነገሩ ያለቀ ነው። ማርሹ አንደኛ ላይ ነው፤ አንደኛ ማርሽ የገባለት መኪና በራሱ አይንከባለልም። ቁልፉ የተገኘው ሾፌሩ ኪስ ውስጥ ነው። አስነሥቶ ነዳባቸው። አሻጥር ነው። ነገ ጠዋት ወደ ደብረ ማርቆስ እወስደዋለሁ።»

አሻጥረኛ ተብሎ የሄደ ሰው እንደማይመለስ ይርሳው ያውቃል፤ ተስፋውም ያውቃል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«እስከ ነገ ጠዋት የእኔ ነው ማለት ነዋ» አለ ይርሳውና ከተስፋው ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። «መኪናውን ቁልቁለት ላይ የምታቆመው ለምንድን ነው?»

«ባትሪው ሞቷል ሃምሳ አለቃ። ካልተንከባለለ አይነሣም።»

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«ዘይት ገብቶበት ከርሟል። እስበዋለሁ፣ ግን ለወጉ ነው፤ አይዝም። ለዚህ ነው አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ መኪናውን ድንጋይ ላይ አሳርፌ የምወርደው።»

«ድንጋዩን የሚያነሣው ማነው?»

ተስፋው ሬሳውን ላለማየት ፊቱን አዞረ። «እኔ ነበርኩ ማንሣት የነበረብኝ። ጓድ መንበሩ ግን ትዕግሥት የላቸውም። እንደ ዛሬው ቡሬ ለስብሰባ የምንወርድ ቀን ቀድመውኝ ይመጡና ድንጋዩን አንሥተው ይጠብቁኛል። ማርሹ ስለሚይዘው አንድም ቀን ምንም ሆኖ አያውቅም። ይህን ጣቢያው በሙሉ ያውቃል።»

«አንተ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ለራዲያተሩ ውሃ ልቀዳ ምንጭ ወርጄ ነበር።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ማንም አላየኝም።»

የሚዋሽ ሰው ቢያንስ አንዲት ውሃ ቀጂ ይፈጥር ነበር ሲል ይርሳው አሰበ። ልብሱን አራግፎ ተነሣ።

ቁልቁለቱን ወርዶ መኪናውን አየው። እውነትም ማርሹ አንደኛ ላይ ነው፤ የእጅ ፍሬኑም ተስቧል። ጎማው የሄደበት ሣር ግን ተኝቷል እንጂ አልተፋቀም። ይርሳው ለሬሳው የመጡትን ገበሬዎች ጠርቶ መኪናውን ከግንዱ ወደኋላ እንዲገፉት ለመናቸው። ገፉት። ማርሽ የገባለት መኪና እንደ ጋሪ ዝም ብሎ ሄደላቸው። ይርሳው ጎማው ሥር ድንጋይ አስደርጎ ወደ ውስጥ አንገቱን አስገባ። ከማርሹ አጠገብ ሌላ ላንድሮቨር ላይ አይቷት የማያውቃት አንዲት ትንሽ ዘንግ አለች። ወደፊትም ወደኋላም አላለችም፤ መሐል ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ዘንጓን የገጠማት የጅጋው መካኒክ ገብረሰንበት ነው። ከትናንት ጀምሮ ቡሬ ዘመድ ቤት እንደነበር ብዙ ሰው መሰከረለት፤ ሰው ተልኮበት ከሰዓት በኋላ ደረሰ።

«ይቺ ምንድን ናት ጋሽ ገብረሰንበት?»

«ኦቨርድራይቭ ይሏታል። ተጨማሪ ማርሽ ናት። ነዳጅ በራሽን ሲሆን፣ ጓድ መንበሩ ታቆጥባለች ሲባሉ ሰምተው ከአንድ የተገለበጠ ላንድሮቨር አስፈትተው አመጧት። ያገለገለች ናት፤ እኔስ ልፋቱ አይከፍልም ብያቸው ነበር። ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ክዳን ፈታሁና በቦታው እሷን አሰርኳት። ዘንጓን ወደፊት ሲገፏት መኪናው እንደ ድሮው ነው። ወደኋላ ሲስቧት ሜዳ ላይ ሞተሩ ቀለል ይለዋል።»

«መሐል ላይስ ስትሆን?»

ገብረሰንበት ሳቀ። «መሐል ላይማ ሞተርና ጎማ አይተዋወቁም! የፈለጉትን ማርሽ ያስገቡ፣ መኪናው ጋሪ ነው።» ይህን እንደተናገረ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ወደ ቁልቁለቱ አየ። «በስመ አብ» አለ።

«አሮጌ ናት ብለውኛል። ራሷ ወደ መሐል ልትመጣ ትችላለች?»

«አትችልም። የመኪናው ክብደት ካለባት ጥርስና ጥርስ ተናክሶ ይይዛታል፤ በእጅም አትነቃነቅም። ክብደቱን ድንጋይ ከያዘላት ግን ማንም በአንድ እጁ ያመጣታል።»

«መሐሏን ለማን አሳይተዋል?»

«ለተስፋው አላሳየሁትም። ስገጥማት የካምቢዮ ዘይት ፍለጋ ቡሬ ወርዶ ነበር፤ ሲመለስ ፊትና ኋላዋን ነገርኩት። መሐሏ ለሾፌር ምን ትሠራለታለች? መኪናው ሥር ተኝቼ መፍቻ ያቀብለኝ የነበረው ዘበኛው አያ ቢሰጥ ነው። የመጋዘኗ እማዋይሽም ምሳ አምጥታልኝ ቆማ ታይ ነበር። አንዱን ጎማ በክሪክ አንሥቼ፣ ዘንጓን መሐል ላይ አድርጌ፣ እንዴት እንደሚሾር ለሁለቱም አሳየኋቸው። ኩራት ነው መቼም።»

ይርሳው እማዋይሽን መጋዘኑ ውስጥ ከዘር ጆንያዎች መካከል አገኛት።

«ጠልቻቸው ነበር፤ ልዋሽዎት?» አለችው ገና ሳይጠይቃት። «መተከል ሰፈራ ጣቢያ ሊያዛውሩኝ ወስነው ነበር። ሲሞቱ ወደድኳቸው አልልም።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ዘር ምስክር አይሆን፣ ምን ላድርግዎት?»

«ስለ ትንሿ ዘንግ ምን ያውቃሉ?»

«መካኒኩ ሲለፈልፍ ነበር። እኔ እንጀራው እንዳይቀዘቅዝ ነበር ሐሳቤ።»

ዘበኛው ቢሰጥ በሩ ላይ ካፖርቱን ደርቦ ቆሟል። ዕድሜው የገፋ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ይርሳው ሰላምታ ሰጠውና አብሮት አጥሩን ተደገፈ።

«ልጅ አለዎት አያ ቢሰጥ?»

«አንድ አለኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ሰሜን ነው ይሉኛል።»

«መልማዩ ማን ነበር?»

«ኮሚቴው ነዋ ጌታዬ።»

«የኮሚቴው ሊቀመንበርስ?»

ቢሰጥ «ነፍስ ይማር» አለና ወደ ሬሳው አየ።

ይርሳው ድካም ተሰማው። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ ሁለቱም መሐሏን አይተዋል። አንዳቸውም ጠዋት የት እንደነበሩ የሚመሰክርላቸው የለም። ሬሳው ተነሥቶ ቃሬዛ ላይ ሲጋደም ቆሞ አየና፣ መኪናው ወደነበረበት ይመለስ ብሎ አዘዘ።

ከአካባቢው በሬ መጣ። በሬዎቹ ከኋላ ይስባሉ፣ ሰው ከፊት ይገፋል፣ ይርሳው መሪውን ይዟል። እኩሌታው ላይ በሬዎቹ ደከሙ። ይርሳው ማንም ሳያየው ትንሿን ዘንግ ወደፊት ገፋና አንደኛ ማርሽ አስገባ።

«ማርሽ ገብቷል! ልቀቁትና እረፉ!» ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ለቀቀ። ማርሹም ያዘው። እማዋይሽ ላቧን እየጠረገች ጀርባዋን ለመኪናው አፍንጫ ሰጥታ ተደገፈች፤ መኪናው ቢለቅ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ገበሬዎቹም ከጎኗ ቆሙ። ቢሰጥ ብቻ ሮጦ ድንጋይ አመጣና ጎማው ሥር ወሸቀ። ይርሳው ይህን ልብ አለ።

መኪናው ቦታው ሲደርስ ይርሳው ከፊት ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ሰው በሬ ሲፈታ እሱ ወደ ኋላ ዞሮ ጥቂት ጎንበስ ብሎ ቆየና መጣ። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበ።

«መሽቶብናል» አለ ክንፈሚካኤል።

«አንድ ነገር ነው የቀረኝ። የሾፌሩን እጅ ፍታልኝ።»

ክንፈሚካኤል እያጉረመረመ የተስፋውን ገመድ ፈታ። ይርሳው መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ሁሉም እያዩት ትንሿን ዘንግ ወደ መሐል አመጣትና ወጣ። «ማርሹን አንደኛ አድርጌዋለሁ። ተስፋው፣ ሂድና ድንጋዩን አንሣው።»

ተስፋው ከመኪናው ፊት ሄዶ ተንበረከከ። አላመነታም። ድንጋዩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ተው!» የሚል ጩኸት መጣ። «ተው ልጄ፣ ውጣ ከዚያ! ማርሹ አይዝም!»

ቢሰጥ ነበር። ሮጦ ደርሶ ተስፋውን በክንዱ ጎትቶ አወጣውና አብረው ሣሩ ላይ ወደቁ።

«ማርሹ እንደማይዝ ማን ነገረዎት አያ ቢሰጥ?» አለ ይርሳው ዝግ ባለ ድምፅ።

ቢሰጥ ከወደቀበት አልተነሣም። ይርሳው ከኋላ ጎማው ፊት፣ ሣሩ ውስጥ የደበቀውን ግንድ በእግሩ ገልጦ አሳየ፤ መኪናው አንድ ስንዝርም አይሄድም ነበር። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞረ።

«ጓድ ክንፈሚካኤል፣ ማርሽ የገባለት መኪና አይንከባለልም ያልከው ልክ ነው፤ ይህኛው ግን ሁለት ማርሽ አለው። ትንሿ ዘንግ መሐል ላይ ከሆነች ትልቁ ማርሽ ከንቱ ነው። ያገኘኋትም መሐል ላይ ነው። ክብደት ካለባት አትነቃነቅም። ስለዚህ ያነቃነቃት ሰው የመጣው መኪናው ድንጋዩ ላይ ተኝቶ ሳለ ነው። ድንጋዩን ማን እንደሚያነሣ ያውቃል፤ የቀረውን ሟቹ በገዛ እጁ ይጨርሰዋል። ቁልፍ አላስፈለገውም፤ ሞተርም አልተነሣም።»

«ሾፌሩስ ይህን አያውቅም?»

«አሁን አላየኸውም? የሚያውቅ ሰው እዚያ ጎማ ፊት አይንበረከክም። መሐሏን ያዩት ሁለት ናቸው። እማዋይሽ ቅድም ማርሽ ገብቷል ስላት ጀርባዋን ሰጠችው። አያ ቢሰጥ ግን ድንጋይ አመጡ። ሞት ያየ ሰው ፍርሃት ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ለዚህ ነው ተስፋውን ያንበረከክሁት።»

ቢሰጥ ቀና አለ። «አንድ ልጅ ብቻ ያለው አይነካም ብለውኝ ነበር» አለ። «ቁጥር ሲጎድልባቸው የእኔን ጨመሩት። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ እኔ ምን ላድርግህ አሉኝ። መኪና ገደላቸው ይባላል፣ ማንም አይጠየቅበትም ብዬ ነበር። ይህን ልጅ ሲያስሩት፣ አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ ስል ዋልኩ። አፌ እምቢ አለኝ።»

ክንፈሚካኤል በዚያው ገመድ አሰረው። ከዚያ ይርሳውን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ስሙን ለሹመት እንደሚያነሣለት ነገረው። ይርሳው እጅ እንኳን አልነሣም። ቢሰጥ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ አይቶ ያመልጠው ነበር፤ የያዘው በደግነቱ ነው። ይህን ማወቁ አሳፈረው።

ተስፋው የገመዱን ሰንበር እያሻሸ ሽማግሌውን ያያል። በዚህ መሐል የቢሰጥ ሚስት ገላነሽ እራቱን በአገልግል ይዛ በበሩ ገባች። የታሰረ ባሏን አየችና ቆመች። ሁሉንም በዓይኗ ዞራ፣ የደከመ ፊት ያለውን መረጠች።

«ጌታዬ፣ ምን አድርጎ ነው?»

ይርሳው ተስፋውን አየ። «የዚህን ልጅ ነፍስ አድኖ ነው» አለ፤ ሌላ መጀመሪያ አልመጣለትም።

ገላነሽ ገመዱን ተመለከተች። «እናንተ አገር ነፍስ ያዳነ ሰው ይታሰራል?» አለችው።

ይርሳው ቆቡን አወለቀ፤ አገልግሉን ተቀበላትና የቀረውን ሊነግራት ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዳት።