የትኬቱ ብር

የሻለም አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ከአክስቷ ከብዙአየሁ ጋር ትኖራለች። እናቷ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። የዘንድሮን ፋሲካ ግን አገሯ መጥታ ከልጇ ጋር ልታሳልፍ አስባ ነበር። የሻለምም ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ነበር።

እናቷ በየእሑዱ በምስል ትደውላለች። ሁልጊዜም የምትቆመው አንድ ሰፊ ሳሎን ውስጥ ነው። የሻለም የሚያብረቀርቀውን መብራትና ትልቁን ሶፋ እያየች፣ «እማዬ ሀብታም ናት» ትል ነበር። አትፍረዱባት ልጆች፤ ሌላ ነገር ያሳያት ሰው አልነበረም።

ክፍሏ ውስጥ ዐረብ አገር ዘመድ ያላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። አንድ ቀን ጓደኛዋ ሀያት፣ ወንድሟ በላከላት ብር የተገዛ ነጭ ጫማ አድርጋ መጣች። የሻለም ቀናች። የሷም ጫማ ደህና ነበር፤ ነጭ አለመሆኑ ነው እንጂ።

የአክስቷን ስልክ አንስታ ድምፅ ቀዳችና ላከች። «እማዬ፣ ለማጠናከሪያ ትምህርት አምስት ሺህ ብር አምጡ ተብለናል።»

ብሩ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ብዙአየሁ ከባንክ አውጥታ፣ «በይ፣ ሳትጥዪው ክፈዪ» ብላ ሰጠቻት። የሻለም በቀጥታ ጫማ ነጋዴው ገበየሁ ሱቅ ሄዳ እንደ ሀያት ያለ ነጭ ጫማ ገዛች። በቀረው ጓደኞቿን ኬክና ለስላሳ ጋበዘች። አክስቷ ስለ ጫማው ስትጠይቃት፣ «ሀያት አውሳኝ ነው» አለች። አያችሁ፣ ውሸቱ ሁለት ሆነ።

እሑድ እናቷ ደወለች። ዐይኗ ቀልቷል።

«የሻለምዬ፣ ለፋሲካ አልመጣም። የትምህርትሽን የላክሁት ከትኬቱ ብር ላይ ቀንሼ ነው። እስኪሞላልኝ ፈቃዴ ያልፍብኛል። አብሽሪ ልጄ፣ ያንቺ ትምህርት ይበልጣል።»

የሻለም ስልኩን ጥላ መሸሽ አማራት። ግን አልሸሸችም።

«እማዬ፣ ማጠናከሪያ የሚባል የለም። ጫማ ገዝቼበታለሁ። ሀብታም መስለሽኝ ነው። ይቅር በይኝ» ብላ አለቀሰች።

 እናቷ ስልኩን እንደያዘች አንዲት ጠባብ ክፍል ገባች። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ቆሟል፤ ከአጠገቡ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፏል።

«የምተኛው እዚህ ነው። ሳሎኑ የማዳም ነው፤ የኔ ሥራ ማጽዳት ነው። እንዳታዝኚ ብዬ ደበቅሁሽ፤ ጥፋቱ የኔም ነው» አለቻት።

በነጋታው ነገሩን የሰማችው ብዙአየሁ የሻለምን ይዛት ገበየሁ ዘንድ ሄደች። ጥፋቱን የተናገረችው ግን የሻለም ራሷ ናት። ገበየሁ የተደረገ ጫማ መልሶ አያውቅም፤ ለሷ ግን የዋጋውን ግማሽ መለሰላት። ያ ብር ግን ለትኬቱ አልሞላም። ፋሲካም ያለ እናቷ አለፈ።

በበዓሉ ቀን እናቷ ደውላ፣ «ምን ልላክልሽ?» አለቻት።

«ምንም አትላኪልኝ፤ አጠራቅመሽ አንቺው ነይልኝ» አለች የሻለም።

ልጆች፣ ብር የሰው ድካም ነውና ስንጠይቅ እውነቱን እንናገር፣ ስናወጣም የደከመልንን ሰው እናስብ፤ እግዚአብሔርም የሚወደው ይህንን ነው።